ገረባ ካላችሁ አትጣሉት

«ቆሻሻ ነው እንዴ የምትሸጡት?» ይሄን የማይጠይቀን ሰው የለም። አዎ፣ ቆሻሻ የነበረ ነው። የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ ጭድ፣ ሰጋቱራ፣ ገረባ (የጫት ትራፊ) ሰብስበን ኮምፖስት፣ ማለትም የብስባሽ ማዳበሪያ፣ እንሠራለን፤ ከአሮጌ ጎማና ከባዶ የቀለም ባልዲ ደግሞ የአበባ መትከያ። ለአካባቢ ጥበቃ ብሎ የሚገዛን ሰው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ሰው ተመልሶ የሚመጣው ጎመኑ ሲያምርለት ነው። ልክም ነው!

አዲስ አበባ ውስጥ ጥሬ ዕቃ አይጠፋም። ከከተማዋ ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚበሰብስ ነገር ነው። ያ ሁሉ ለብዙ ዓመታት ቆሼ ሲከመር ኖሮ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ገደለ። ልጣጭ አየር በሌለበት ታፍኖ ሲበሰብስ ሚቴን የሚባል ተቀጣጣይ ጋዝ ይወጣዋል። ያው ልጣጭ አየር እያገኘ ሲበሰብስ አፈር ይሆናል።

ፈተናው ያለው መለየቱ ላይ ነው። ከጁስ ቤት የሚመጣው ንጹሕ ነው፤ ጀበና ቡና የሚያፈሉት ልጆችም አተላውን ለብቻ ያስቀምጡልናል። ከመኖሪያ ቤት የሚመጣው ግን ጉድ ነው። በፌስታል ተቋጥሮ ይመጣል፤ ስትፈቱት የሽንኩርት ልጣጭ፣ ባትሪ ድንጋይ፣ ምላጭ፣ የሕፃን ዳይፐር አንድ ላይ። በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ሲጸድቅ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ምክንያቱም ፌስታል ክምር ውስጥ ሲገባ አይበሰብስም፣ ይቆራረጣል እንጂ፣ ከዚያ በኋላ ያንን ብጥስጣሽ ከኮምፖስት ውስጥ መልቀም ጤፍ ከአሸዋ እንደመለየት ነው። የቤት ቆሻሻ የምንቀበለው ለይተው ከሚሰጡን ጎረቤቶች ብቻ ነው።

ክምሩ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ካላለ አይሞቅም። እርጥበቱ ደግሞ አንድ እፍኝ አንስታችሁ ስትጨምቁት እጅ የሚያርስ እንጂ የሚንጠባጠብ መሆን የለበትም። ልክ ከሆነ በጥቂት ቀን ውስጥ መሃሉ ከ55 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ጠዋት በአካፋ ስትገለብጡት እንፋሎቱ ፊት ላይ ቡልቅ ይላል። የአረም ዘሩንና በሽታ አምጪውን የሚገድለው ይሄ ሙቀት ነው፤ ዳር ዳሩ ግን አይሞቅም፣ ስለዚህ ስንገለብጥ የዳሩን ወደ መሃል እናስገባለን። የአቮካዶ ፍሬ ዳር ተደብቆ ከቀረ ይበቅላል። አንጥለውም። ችግኝ አፍዪዎች ወስደው ከጥሩ ዝርያ ቅርንጫፍ ቆርጠው ይቀጥሉበታል።

ስለ ገረባ ደግሞ ልንገራችሁ። ቅጠሉ ናይትሮጅን ስላለው ክምሩን ቶሎ ያሞቀዋል። እንጨቱ ካልተከተፈ ግን ለወራት እንዳለ ይቀመጣል። ችግሩ የፍየል ባለቤቶችም ይፈልጉታል፤ ማለዳ ካልደረስን አናገኝም።

የጎማውን ሥራ ብዙ ሰው እንደ አዲስ ፈጠራ ያየዋል። ምን አዲስ ነገር አለው? አባቶቻችን በረባሶ አድርገውት ኖረዋል። መርካቶ ምን አለሽ ተራ ብትሄዱ ደግሞ አሮጌ በርሜል ተቀጥቅጦ ምድጃ ሲሆን ታያላችሁ፤ የውሃ ማጠጫችንንም የምናሠራው እዚያ ነው። አንድ ነገር ግን ለደንበኛ ሁሉ እንናገራለን፦ ጎማ ውስጥ ዚንክና ሌላም ኬሚካል ስላለ አበባ ትከሉበት እንጂ ሰላጣና ቆስጣ አትትከሉበት። «እንዲህ እያላችሁ ነጋዴ ናችሁ?» የሚሉን አሉ። ይበሉን። የፀረ ተባይ ዕቃ የነበረ ጀሪካንም በነፃ ቢሰጡን አንቀበልም።

ደግሞ ኮምፖስት ዩሪያ ማዳበሪያን ይተካል ብዬ አልዋሽም። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ኮምፖስት ብዙውን ጊዜ ሁለት በመቶም አይሞላ። ኮምፖስት የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው፤ አፈሩን ያለሰልሰዋል፣ ውሃ ያስይዘዋል፣ ቶሎ አይታጠብም። የኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ በፀሐይ ለሚደርቅ ባልዲ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ከሁሉም የሚያስደስተኝ ደንበኛ የመንገድ ዳር ችግኝ ሻጩ ነው። ድሮ ብዙዎቹ የጫካ አፈር ነበር የሚያስመጡት። ችግኝ ለማፍላት የዛፍ ሥር አፈር ይላጥ ነበር ማለት ነው። አንዱ ጋሼ መጀመሪያ ኮምፖስታችንን አሽትተው «ልጄ፣ ይሄማ ችግኜን ይፈጅብኛል» ብለው መለሱልኝ። እኔም አልተከራከርኩም፤ አንድ ጆንያ በነፃ ትቼላቸው ሄድኩ። አሁን ዘግይተን ከመጣን የሚቆጡት እሳቸው ናቸው።

ከእኛም ሆነ ከሌላ ስትገዙ ግን ፈትኑ። የበሰለ ኮምፖስት ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል፣ ልጣጩ ከልጣጭነት ወጥቶ አይለይም፣ እጅ ሲነካው አይሞቅም። ከተጠራጠራችሁ ትንሽ እርጥብ አድርጋችሁ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን አቆዩት። ስትከፍቱት አፍንጫ የሚሰነፍጥ ከሆነ አልደረሰምና ተክል ያቃጥላል፤ መልሱለት። ደህና ከሆነ ለባልዲ ተከላ ለሦስት እጅ አፈር አንድ እጅ ኮምፖስት ይበቃል።