ቦታዋ ያልታወቀ ሸረሪት

የምሠራው ደቡብ እስራኤል ውስጥ፣ የነፍሳትና የሸረሪት ናሙና በሚቀመጥበት አንድ ክፍል ነው። ከበረሃ የመጣውን ብልቃጥ እከፍታለሁ፤ ጉንዳኑን ከጥንዚዛው፣ ጥንዚዛውን ከሸረሪቱ እለያለሁ። ከሁሉም ልቤን የወሰዱት ዜሎቴስ የሚባሉት የመሬት ሸረሪቶች ናቸው።

ዜሎቴስ ድር ዘርግታ አትጠብቅም። ቀን ድንጋይ ሥር ተሸሽጋ ትውላለች፣ ማታ መሬት ለመሬት እየሮጠች ታድናለች። አብዛኞቹ ጥቁርና አንጸባራቂ ናቸው፤ ብዙዎቹ 1 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞሉም። የኋላ እግሮቻቸው ላይ ማበጠሪያ የመሰለ የፀጉር ረድፍ አለ። ወገኑ ወደ 400 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት። አንዷን ብቻ፣ ስክሩታቱስ የምትባለዋን ብንወስድ፣ ከአፍሪካ እስከ መካከለኛው እስያ ትገኛለች። ለሳይንስ ያስተዋወቃት እንግሊዛዊው ቄስ ኦክታቪየስ ፒካርድ-ካምብሪጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1872።

በዓይን ሲያዩዋቸው ሁሉም አንድ ናቸው። ዝርያቸው የሚለየው በማይክሮስኮፕ ነው። ወንዱ አፉ አጠገብ ባለችው እጅ መሳይ አካል ጫፍ ይለያል፤ ሴቷ ደግሞ ሆዷ ሥር ባለው የመራቢያ አካሏ። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ወንዱን ብቻ አይቶ ሚስቱ የትኛዋ እንደሆነች መናገር ይከብዳል። ስለዚህ በወንዱ ብቻ ወይም በሴቷ ብቻ የሚታወቁ ዝርያዎች አሉ። ትልቁ ፍንጭ አንድ ቦታ፣ በአንድ ወቅት መያዛቸው ነው።

ወጥመዳችን አፉ ከመሬት ጋር እኩል ሆኖ የተቀበረ ኩባያ ነው። ወንዶቹ ሴት ፍለጋ ስለሚንከራተቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገቡት እነሱ ናቸው። ወንድና ሴት በአንድ ኩባያ ሲገኙ እኛ ክፍል ደስታ ነው።

ባለፈው የመስክ ወቅት ከኔጌቭ በረሃ አንድ ሳጥን መጣ። የሰበሰበው አብሮን የሚሠራ ተማሪ ነው፤ ወላጆቹ ከጎንደር የመጡ፣ እሱ እዚሁ የተወለደ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ፀሐይ አይበግረውም። ሳጥኑን ስንከፍተው ሸረሪቶቹ የሚነከሩበት የአልኮል ሽታ ተቀበለን። የአንዳንዶቹ ብልቃጦች ክዳን ላልቶ ፈሷል። መለያው የተጻፈው በእስክሪብቶ ነው፤ የተለጠፈውም ከውጭ። ቀለሙ ታጥቦ ሰማያዊ እድፍ ብቻ ቀርቷል።

ልጁ ክው አለ። ትንሽ ቆይቶ ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ ቦታዎቹ ደብተሬ ላይ አሉ። የትኛው የት እንደነበር አስታውሳለሁ። ልጻፍባቸው?»

«እርግጠኛ ነህ?»

«በአብዛኛው።»

«የማታስታውሰውን ከምታስታውሰው በምን ልትለየው ነው?»

ዝም አለ። ኃላፊያችን ገብተው ሁሉንም አዩ። አልተቆጡም። ቦታቸው ባልታወቀ ብልቃጦች ላይ «ኔጌቭ፤ ቦታው አልታወቀም» ተብሎ እንዲጻፍ አዘዙ። ልጁ ያ ሁሉ ድካሙ ገደል የገባ መሰለው፤ እኔም አንጀቴን በላኝ። ግን እሳቸው ልክ ነበሩ። አሸዋ ላይ የኖረ ወንድና ድንጋያማ ኮረብታ ላይ የኖረች ሴት በግምት አንድ ቦታ ቢጻፍባቸው፣ አንድ ቀን አንድ ተመራማሪ ባልና ሚስት ብሎ ያጣምራቸዋል። ሥዕላቸው በአንድ ስም ይታተማል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ እሱን ይዞ ይሳሳታል። በሸረሪት ጥናት የሁለት ዝርያ ወንድና ሴት በአንድ ስም ሲጠሩ፣ የአንዱ ዝርያ ደግሞ ሁለት ስም ሲወጣላቸው በተደጋጋሚ ታይቷል። ባዶ መለያ ያየ ሰው ይጠነቀቃል። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ የተሞላ ግምትን ግን ማን ይጠረጥራል?

ጠረጴዛችን ላይ የኢየሩሳሌሙ ተመራማሪ ጌርሾም ሌቪ እ.ኤ.አ. በ1998 ስለ እስራኤል ዜሎቴሶችና ዘመዶቻቸው ያሳተመው ጥናት አለ። ሥዕሎቹን እያስተያየን የአብዛኞቹን ስም አገኘን። አንዲት ሴት ግን ከየትኛውም ሥዕል ጋር አልገጠመችም። ከየትኛው ኩባያ እንደወጣች ብናውቅ አብረዋት የነበሩትን ወንዶች እናይ ነበር። አሁን ያለን ነገር «ኔጌቭ» የሚል ቃል ብቻ ነው። ኔጌቭ ደግሞ ከአገሩ ስፋት ግማሽ በላይ ነው።

አሁን ሥርዓቱ ተለውጧል። መለያው በእርሳስ ይጻፋል፤ እርሳስን አልኮል አያሟሟውም። ወረቀቱም ከውጭ አይለጠፍም፣ ከሸረሪቷ ጋር ብልቃጡ ውስጥ ይገባል። ልጁ ወረቀቱን እዚያው ኩባያው አጠገብ ጽፎ ከከተተ በኋላ ነው ወደሚቀጥለው ወጥመድ የሚሄደው። ዘንድሮ ያቺን ሴት ፍለጋ ደብተሩ ላይ ባሉት ቦታዎች ሁሉ በየተራ ኩባያ መቅበር ጀምሯል። እስካሁን አላገኛትም። ገና ያልደረሰባቸው ቦታዎች አሉ።