የሚጠብቀው ማነው?

የኔትወርክ ኮድ ሳነብ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው፦ እዚህ መስመር ላይ የሚጠብቀው ማነው? በተራ ሶኬት (ፕሮግራሙ ከኔትወርክ ጋር በሚገናኝበት በር) ላይ ሪድ የተባለው የማንበቢያ ትዕዛዝ ሲጠራ፣ ዳታ እስኪመጣ ከርነሉ (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ትሬዱን፣ ማለትም ኮዱን የሚያስኬደውን የሥራ መስመር፣ ያስተኛዋል። ለእያንዳንዱ ግንኙነት አንድ ትሬድ ከተመደበ፣ አሥር ሺህ ግንኙነት ሲኖር አሥር ሺህ ትሬድ ተኝቶ ይውላል ማለት ነው። አሲንክሮነስ ሶኬት መጠበቁን አያስቀረውም፤ ከትሬዱ ትከሻ አውርዶ ለራንታይሙ (ፕሮግራሙን ከሥር ለሚያስኬደው ሶፍትዌር) ያስረክበዋል እንጂ።

ጎላንግ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ እንይ። ራንታይሙ ሶኬቱን ኖን-ብሎኪንግ (ትሬድ የማያስተኛ) ያደርገውና ሊኑክስ ላይ ከሆነ ኢፖል (የትኛው ሶኬት ዝግጁ እንደሆነ የሚያሳውቀው የከርነል አገልግሎት) ዘንድ አንድ ጊዜ ያስመዘግበዋል። ጎሩቲኑ (ራንታይሙ በትሬዶች ላይ እያፈራረቀ የሚያስኬደው ቀላል ሥራ) ሪድ ሲል የሚሞከረው ያው ተራው ሪድ ነው። ዳታው ቀድሞ ደርሶ ከሆነ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ባፈሩ (ዳታው የሚጠራቀምበት ጊዜያዊ ቦታ) ባዶ ከሆነ ግን ከርነሉ ኢአጌይን (አሁን የለም፣ ቆይተህ ሞክር) ብሎ ይመልሳል። ያኔ ራንታይሙ የትኛው ጎሩቲን የትኛውን ሶኬት እንደሚጠብቅ መዝግቦ ጎሩቲኑን ያቆመዋል፤ ትሬዱ ሌላ ጎሩቲን አንስቶ ይቀጥላል። ስኬጁለሩ (የራንታይሙ ተራ አስያዥ) ሥራ ሲፈልግ ኢፖልን ይጠይቃል። ሁሉም ተጠምዶ 10 ሚሊሰከንድ ካለፈ ደግሞ ሲስሞን የሚባለው ተቆጣጣሪ ትሬድ ራሱ ይጠይቃል። የነቃው ጎሩቲን ያንኑ ሪድ እንደገና ይሞክራል።

ኢፖል ዳታ አያመጣም፤ አሁን ብትሞክር ይሳካልሃል ብቻ ነው የሚለው። አይኦሲፒ የተባለው የዊንዶውስ አቻው በተቃራኒው የፕሮግራሙን ባፈር ቀድሞ ይረከብና ሥራው ሲያልቅ ይናገራል፤ በመሃል ባፈሩን ያስለቀቀ ሰው የሌላ ነገር ሚሞሪ ላይ ያስጽፋል።

ኢፖልን በኤጅ-ትሪገርድ አሠራር (አዲስ ነገር ሲመጣ አንዴ ብቻ በሚያሳውቀው) በቀጥታ የሚጠቀም ሰው ኢአጌይን እስኪመለስለት ማንበብ አለበት። ግማሹን አንብቦ ከተመለሰ፣ ቀሪው ባፈር ውስጥ ተቀምጦ ሳለ አዲስ ዳታ እስኪመጣ ቀስቃሽ የለውም። ወዲያ ማዶ ያለው ደግሞ መልስ እየጠበቀ ከሆነ ሁለቱም ዝም እንደተባባሉ ይቀራሉ።

ማንበቡስ ቀላል ነው፤ ራስ ምታቱ መጻፉ ነው። 1 ሜጋባይት ለመላክ ራይት የተባለው የመጻፊያ ትዕዛዝ ሲጠራ ከርነሉ የመላኪያ ባፈሩ የቻለውን፣ ለምሳሌ 200 ኪሎባይት፣ ተቀብሎ ቁጥሩን ይመልሳል። ቀሪው የራንታይሙ ዕዳ ነው። ጎላንግ ጎሩቲኑን አቁሞ ቀሪውን ቦታ በተገኘ ቁጥር ይገፋል፤ ላኪው በተቀባዩ ፍጥነት ይሄዳል። ጃቫስክሪፕትን የሚያስኬደው ኖድ ጄኤስ ግን ቀሪውን ሚሞሪ ላይ ይከምርና፣ ክምሩ ወሰኑን ሲያልፍ ራይቱ ፎልስ (ሐሰት) ይመልሳል። ያ ፎልስ ምክር እንጂ ክልከላ አይደለም። ክምሩ መራገፉን የሚያበስረውን፣ ድሬይን የተባለውን ኢቨንት ሳይጠብቅ መጻፉን የሚቀጥል ፕሮግራም፣ ተቀባዩ ቀርፋፋ በሆነ ጊዜ ሚሞሪው አብጦ ይወድቃል። እዚያው ማሽን ላይ ሲፈተሽ ተቀባዩ ፈጣን ስለሆነ ችግሩ ብቅ አይልም። እኔ በበኩሌ የጎላንጉን አካሄድ እመርጣለሁ።

(ኖድ ሶኬትን በትሬድ ፑል (በተዘጋጁ የትሬዶች ስብስብ) ያሠራል የሚሉ አሉ፤ አይደለም። በነባሪነት 4 የሆኑት የሊብዩቪ (ኖድ የተመሠረተበት ላይብረሪ) ትሬዶች ፋይል ለማንበብ፣ የአንድን ስም የኔትወርክ አድራሻ ለመፈለግና ለመሳሰሉት ናቸው። እነሱ ከተያዙ ግን ሶኬቶቹ ደህና ሆነው አዲስ ግንኙነት መክፈት ይንቀረፈፋል።)

ራይት ተሳካ ማለት ከርነሉ ተረከበ ማለት ብቻ ነው፤ ደረሰ ማለት አይደለም። የወዲያኛው ማሽን መብራት ድንገት ቢጠፋበት ፊን (ግንኙነቱ አብቅቷል የሚለውን መልእክት) የሚልክ የለም፤ ሪድ ላይ የቆመ ጎሩቲንም እንደቆመ ሊቀር ይችላል። የሊኑክስ ኪፕአላይቭ (የወዲያኛው ወገን በሕይወት መኖሩን የሚፈትሸው) ቢበራም ሰዓቱ ካልተቀየረ የመጀመሪያውን ፍተሻ የሚልከው ከ7200 ሰከንድ ዝምታ በኋላ ነው። መድኃኒቱ ዴድላይን (የመጠበቂያ ቀነ ገደብ) ነው። የጎላንግ ዴድላይን ግን የቆይታ ርዝመት ሳይሆን ቁርጥ ያለ ሰዓት ነው፤ ግንኙነቱ ሲከፈት አንዴ ተሞልቶ ከተተወ፣ ያ ሰዓት ሲደርስ እየሠራ ያለውንም ግንኙነት ስህተት ያስመልሰዋል። ከእያንዳንዱ ሪድ በፊት መታደስ አለበት።