የሽሮ መወፈርና መብሰል ለየቅል ነው

ወሩ ሊያልቅ ሲል፣ ገበያ ሳይወጣ፣ ቤት ባለው ነገር ብቻ ለስድስት ሰው ራት ማድረስ ሲያስፈልግ ከሽሮ የሚቀድም የለም። አንድ ድስት፣ አንድ ማማሰያ፣ ከመደርደሪያ የማይጠፋ ዱቄት። ችግሩ ሽሮ ርካሽ ስለሆነ የችኮላ ምግብ ተደርጎ መቆጠሩ ነው። ጥሬ ጥሬ የሚል፣ ምላስ ላይ አሸዋ አሸዋ የሚል ሽሮ በየቤቱ የሚበላው ዱቄቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ቶሎ ስለሚወርድ ነው።

ሽሮ ድስት ውስጥ በገባ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይወፍራል። ይህ የሚሆነው በሽምብራውና በአተሩ ውስጥ ያለው ስታርች ውሃው ወደ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ፣ ገና ሳይፈላ፣ ውሃ መጥጦ ስለሚያብጥ ነው። ላየው ሰው ያለቀለት ይመስላል። የጥሬ እህሉ ሽታ ግን አሁንም እዚያው ነው፤ የዱቄቱ ቅንጣትም ገና አልለሰለሰም። ሁለቱም የሚስተካከሉት ከዚያ በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት፣ በዝግታ በመንተክተክ ነው። ስለዚህ የወጡን ውፍረት አይታችሁ አታውርዱ።

ለስድስት ሰው የሚያስፈልገው ይህ ነው። ብርጭቆ የምንለው 250 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን የውሃ ብርጭቆ ነው። ምጥን ሽሮ አንድ ብርጭቆ ተኩል፣ ማለትም 180 ግራም ገደማ። ውሃ ስድስት ብርጭቆ። መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት አራት፣ ዘይት በቡና ስኒ አንድ ተኩል፣ ነጭ ሽንኩርት ግማሽ ራስ፣ ቲማቲም ሁለት ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ የታሸገ የቲማቲም ድልህ፣ ቃሪያ ሁለት ሦስት፣ ጨው። ሽሮው በርበሬ የሌለው ነጭ ሽሮ ከሆነና ቀይ እንዲሆን ከፈለጋችሁ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ጨምሩበት። በዚህ ልክ አንድ ኪሎ ሽሮ አምስት ራት ይወጣዋል።

ከዚህ ሁሉ ኪስ የሚጎዳው ሽሮው ሳይሆን ሽንኩርቱና ዘይቱ ነው። መቀነስ የግድ ከሆነ መጀመሪያ ቲማቲሙን ተዉት፤ ሽሮ ያለ ቲማቲም ምንም አይጎድልበትም፣ እንዲያውም የሽምብራው ጣዕም ጎልቶ ይወጣል። ቀጥሎ ዘይቱን ወደ አንድ ስኒ አውርዱ። ሽንኩርቱን በመጨረሻ ንኩት፤ ከሁለት በታች ግን አታውርዱት። በሁለት ሽንኩርት የሚሠራ ሽሮ የሚጣፍጠው ቁሌቱ ረዘም ሲል ብቻ ነው።

ቁሌቱ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ሥራው ያለው እዚህ ነውና። ሽንኩርቱን ደቅቆ እስኪታይ ክተፉት። በመፍጫ መፍጨት ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ የተፈጨ ሽንኩርት ግን ውሃ ያበዛል፣ ሽታው ይከራል፣ እስኪለዝብ ድረስም ከተከተፈው የበለጠ እሳት ይፈልጋል። የተከተፈውን በደረቅ ድስት፣ ያለ ዘይት፣ በመካከለኛ እሳት ላይ አድርጋችሁ አማስሉ። የራሱን ውሃ ያወጣል። ውሃው ሲደርቅና ድስቱን መያዝ ሲጀምር ሁለት ማንኪያ ውሃ ጠብ አድርጉና የያዘውን ፍቁ፤ ይህንን ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሙት። ወደ አሥር ደቂቃ ይወስዳል። ሽንኩርቱ ቅርጹን ለቅቆ ወደ ሊጥነት ሲጠጋ ዘይቱን ጨምራችሁ ሌላ አሥር ደቂቃ አቁላሉ። ዘይቱ ከመጀመሪያው ቢገባ ሽንኩርቱ ከመሟሟቱ በፊት ጠርዙ ይጠበስና ወጡ ውስጥ ቁርጥራጭ ሆኖ ይቀራል።

በርበሬ የምትጠቀሙ ከሆነ አሁን ነው ጊዜው። በርበሬ በደረቅ ዘይት ላይ በጥቂት ሰከንዶች ያራል፤ ያረረ በርበሬ ደግሞ ወጡን ሁሉ ያመርረዋል፣ መመለሻም የለውም። አስቀድማችሁ ሩብ ብርጭቆ ውሃ ጠብ አድርጉ፣ ከዚያ በርበሬውን ጨምሩ፣ ለአምስት ደቂቃ ያህል ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ አቁላሉት። ቀጥሎ የተወቀጠው ነጭ ሽንኩርት፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ቲማቲሙ። ቲማቲም ሽንኩርቱ ሳይለሰልስ ከገባ ኮምጣጣነቱ ሽንኩርቱን እንደደረቀ ያቆየዋል፤ ከዚያ በኋላ ሰዓት ሙሉ ብታንተከትኩትም አይሟሟም። ዘይቱ ከቁሌቱ ተለይቶ ጠርዝ ጠርዙን ሲወጣ ቁሌቱ ደርሷል።

ከስድስቱ ብርጭቆ ውሃ አራቱን ድስቱ ላይ ጨምሩና ይፍላ። ሁለቱን ግን ቀዝቃዛውን በጎድጓዳ ሳህን አድርጋችሁ ሽሮውን በጥብጡበት። ብዙ ባለሙያዎች ደረቅ ሽሮ በአንድ እጅ እየነሰነሱ በሌላው እያማሰሉ ይሠራሉ፤ እጁ ለለመደ ሰው ጥሩ ነው። ላልለመደ ግን ይጓጉላል። ደረቅ ዱቄት የፈላ ውሃ ላይ በአንዴ ሲወድቅ የውጪው ሽፋን ወዲያው አብጦ ይጣበቃል፣ ውስጡ ደረቅ ዱቄት እንደታቀፈ ይቀራል፤ ቢፈላ ቢውል አይፈታም። በቀዝቃዛ ውሃ ሲበጠበጥ ግን እያንዳንዱ ቅንጣት ሙቀቱ ሳያገኘው ይርሳል። ብጥብጡን በቀጭኑ እያፈሰሳችሁ ሳታቋርጡ አማስሉ። ከጓጎለባችሁም አትጨነቁ፤ በጭልፋ ጀርባ ከድስቱ ግድግዳ ጋር እየደፈጠጣችሁ ፍቱት፣ ካልሆነም በወንፊት አሳልፉት።

ከዚህ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ዓይን ይፈልጋሉ። አረፋ ይነሳል፣ ይገነፍላል፤ ምድጃውን ማጠብ ያስጠላው ሰው አጠገቡ ይቁም። አረፋው ሲወርድ እሳቱን ወደ ዝቅተኛው አድርጉ፣ ክዳኑን ገርበብ፣ ከዚያ ሠላሳ ደቂቃ። ከሰል ከሆነ አመድ አልብሱት። ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ እሳቱ ቢቀነስም ሸክላው ቶሎ ስለማይበርድ ድስቱን ለሁለት ደቂቃ አንሱለት። በየሦስት አራት ደቂቃው ማማሰያውን እስከ ታች አድርሳችሁ የድስቱን ወለል ጠረግ ጠረግ አድርጉ፤ ላይ ላዩን ማማሰል ምንም አይጠቅምም፣ የሚይዘው ታች ነውና። ሽሮ ሲወፍር ይተፋል፤ ክንድ ላይ ሲያርፍም ቶሎ አይለቅምና ረጅም ማማሰያ ያዙ፣ ልጆችንም አርቁ።

መሃል ላይ መብራት ከሄደ ክዳኑን ግጠሙና ተዉት። ሲመለስ ግን ቀጥታ እሳት አትልቀቁበት። ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ጨምራችሁ ታች ድረስ ካማሰላችሁ በኋላ ለኩሱ፤ አለዚያ የረጋው ሽሮ ሳይሞቅ ስሩ ያራል።

መድረሱን የሚነግሯችሁ ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ ቅባቱ ላይ ላይ ወጥቶ ነጠብጣብ ይሠራል፣ ቀለሙ ጠቆር ይላል፣ የፍልቀቱ ድምፅ ይወፍራል። ከሁሉም በላይ ትንሽ በማንኪያ አቀዝቅዛችሁ በጥርስና በምላስ መሃል ስታሹት አይሻክርም። ጨው አሁን ይጨመራል፤ ቀድሞ አይደለም። ምጥን ሽሮ ሲዘጋጅ ብዙ ጊዜ ጨው ይገባበታል፣ ወጡም ሲንተከተክ ይመጠጣል። በግማሽ የሻይ ማንኪያ ጀምራችሁ ቅመሱ። ከበዛባችሁ ድንች ጣል ማድረግ ይመክራሉ፤ ድንቹ ግን ጨዋማውን ውሃ መጥጦ ራሱ ጨዋማ ከመሆን አያልፍም። መፍትሔው አንድ ብርጭቆ ውሃና ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተበጠበጠ ሽሮ ጨምሮ ሩብ ሰዓት ማብሰል ነው። የቀጠነ ሽሮም የሚስተካከለው እንደዚሁ ተበጥብጦ በገባ ሽሮ ነው። የወፈረውን በፈላ ውሃ አቅጥኑት። የምታወርዱት ደግሞ ከምትፈልጉት ትንሽ ቀጠን ብሎ ሳለ ይሁን፤ ከእሳት ከወረደ በኋላ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ራሱ ይወፍራል።

ካረረ አትፋቁት፣ አታማስሉትም። የላይኛውን በእርጋታ ወደ ሌላ ድስት ገልብጡ፣ የታችኛውን ተዉት፣ ቅመሱ። አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። ያረረውን ድስት ቀዝቃዛ ውሃ ሞልታችሁ አሳድሩት።

ቃሪያው ተሰንጥቆ ከመውረዱ ሁለት ደቂቃ በፊት ይገባል። በፍስክ ቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቂቤ ከወረደ በኋላ ጣል ቢደረግ መዓዛው ይቆያል፤ ቋንጣ ካለም ከብጥብጡ ጋር ይግባ፣ በሠላሳው ደቂቃ ይለሰልሳል።

እንጀራ ካለቀ፣ ወይም በቂ ካልሆነ፣ ራቱን በእውነት የአንድ ድስት የሚያደርገው ድርቆሽ ነው። ሽሮውን በሁለት ብርጭቆ የፈላ ውሃ አቅጥኑት፣ አንድ ጊዜ ይፍላ፣ እሳቱን አጥፉ፣ ከዚያ ስድስት ሰባት እፍኝ ድርቆሽ ጨምራችሁ ሁለት ጊዜ ብቻ ከታች ወደ ላይ ገልብጡት። ክዳኑን ግጠሙና ሦስት ደቂቃ ይቆይ። እሳቱ ሳይጠፋ ከገባ ወይም ደጋግማችሁ ካማሰላችሁት ፍርፍሩ ገንፎ ይሆናል። የሚያድር አይደለም፤ ስለዚህ ድርቆሹን የምትጨምሩት ለምትበሉት ያህል ብቻ ለይታችሁ ነው።

ስለ ዱቄቱ ሁለት ነገር። በጣም ርካሽ የሆነ፣ ከምን እንደተፈጨ የማይታወቅ ሽሮ ስትገዙ ጓያ ሊኖርበት እንደሚችል አትርሱ። ጓያ አንድ ቀን ቢበላ የሚያመጣው ነገር የለም፤ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግር ሽባ ያደርጋል። ከተፈጨ በኋላ በዓይን መለየት አይቻልም፤ ሳይፈጭ ግን ጠርዛማና ሽብልቅ የመሰለ ነው፣ አተር ደግሞ ድብልብል። ጥሬውን ገዝቶ፣ ለቅሞ፣ አምሶና ከክቶ፣ ቅመሙን መጥኖ ወፍጮ ቤት ማስፈጨት ከርካሹ ዱቄት ብዙም አይበልጥም፣ የሚበላውንም ታውቁታላችሁ። ያስፈጫችሁትን ቶሎ አትክደኑት፤ ከወፍጮ ሞቆ ስለሚመጣ ካልበረደ ላብ ያወጣና ይሻግታል። ከቀዘቀዘ በኋላ ክዳኑ ግጥም በሚል ዕቃ አስቀምጡት። ነቀዝ የምትሠጉ ከሆነ በከረጢት ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አኑሩት።

ሁለተኛው ውጭ ላላችሁ ነው። የሐበሻ ሱቅ ሩቅ ከሆነ በሕንድ ሱቆች ቤሳን የሚባለው የሽምብራ ዱቄት ይገኛል፣ ዋጋውም ደህና ነው። እንዳለ ሽሮ አድርጋችሁ ከሠራችሁት ግን አይሆንም፣ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ ካልታመሰ ሽምብራ የተፈጨ ነው። 180 ግራሙን በደረቅ መጥበሻ፣ በዝቅተኛ እሳት፣ ሳታቋርጡ እያማሰላችሁ ከስምንት እስከ አሥር ደቂቃ አምሱት፤ የቆሎ ሽታ ሲያመጣና ነጣ ያለው ቢጫ ትንሽ ጠቆር ሲል አውርዱት። ከቀዘቀዘ በኋላ ንፉትና ሁለት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የዝንጅብል ዱቄት፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ነጭ አዝሙድ ቀላቅሉበት። በርበሬው እዚህ ከገባ ቁሌቱ ላይ ሌላ አትጨምሩ። በጣም ደቃቅ ስለሆነ ከአገር ቤቱ ሽሮ የበለጠ ይጓጉላል፤ በቀዝቃዛ ውሃ መበጥበጡ ለዚህኛው ግዴታ ነው።

የተረፈው ሽሮ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን ይቆያል። ጠዋት ሲወጣ እንደ ቂጣ ረግቶ ታገኙታላችሁ። እሳት ላይ ከመጣዱ በፊት በሩብ ብርጭቆ ውሃ በማንኪያ ፍቱት፣ ከዚያ በዝቅተኛ እሳት እያማሰላችሁ እስኪንተከተክ አሙቁት።