የጮኸችው ዶሮ ሆድ ውስጥ ያገኘሁት እንቁላል

ቀዮን ያሳረድኳት ስለጮኸች ነው። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው ያንኑ ስህተት እንዳይሠራ ብዬ ነው።

ቢሾፍቱ፣ ጓሯችን ውስጥ አሥራ አንድ ዶሮ ነበረኝ። ሁለቱ አውራ ናቸው። ለፋሲካ ገበያው ሲሞቅ ሁለቱንም ሸጥኳቸውና ዘጠኝ ሴቶች ብቻ ቀሩ። ሦስት ሳምንት እንኳን ሳይሞላ፣ ጎህ ሳይቀድ ከቆጡ በኩል ጩኸት ሰማሁ። የአውራ ዶሮ ጩኸት ነው፣ ግን የተሰነጠቀና አጭር። «ኩኩ» ብሎ ይጀምርና መሃል ላይ ይቆረጣል። ባትሪ ይዤ ብወጣ ቀዮ አንገቷን መዝዛ፣ ደረቷን ነፍታ ቆማለች።

እማዬ ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ። «ሴት ዶሮ ከጮኸች ገደቢስ ናት። ከቤት ትውጣ» አለች። እኔ በገድ ባላምንም የራሴ ጥርጣሬ ነበረኝ። በዚያው ሳምንት ሌላ ዶሮ ላይ ስትወጣ አይቻታለሁ። ስገዛት ሻጩ «ቄብ ናት» ብሎኝ ነበር። አታሎኛል፣ ወንድ ነው የሸጠልኝ አልኩ። እንቁላል ትጣል አትጣል ደግሞ አላውቅም፤ ዘጠኝ ዶሮ አንድ ቦታ ሲጥል የትኛው የማን እንደሆነ አይለይም። እማዬ በገዷ፣ እኔ በጥርጣሬዬ፣ ቢላዋው ላይ ተስማማን።

ነገሩ የገባኝ ስበልታት ነው። ጀርባዋ ሥር፣ በግራ በኩል፣ አስኳሎች እንደ ወይን ዘለላ ተያይዘዋል። ትልቁ ትንሽ ሎሚ ያክላል። ከዚያ እያነሱ እያነሱ ሄደው የመጨረሻዎቹ የጤፍ ፍሬ ናቸው። ከታች ደግሞ ቅርፊቱ የጠነከረ አንድ ሙሉ እንቁላል። በዚያው ቀን ወይ በማግስቱ ልትጥለው የነበረ። እጄ ላይ ይዤው ብዙ ቆየሁ። እማዬም አየችው፣ ምንም አላለችም። ወጡ ተሠራ፤ እኔ አልቀመስኩትም።

ታዲያ እንቁላል የምትጥል ዶሮ ለምን ትጮኻለች? መልሱን ያገኘሁት ከአንድ የእንስሳት ሐኪም ነው። ዶሮዎች መሃል ሹመት አለ። ማን ቀድሞ ይበላል፣ ማን ከፍ ያለው ቆጥ ላይ ያድራል፣ ሁሉም ቦታውን ያውቃል። አውራው ሲጠፋ ከላይ ያለችው ሴት አንዳንዴ ቦታውን ትይዛለች። ትጠብቃለች፣ ጥሬ ስታገኝ ሌሎቹን ትጠራለች፣ ትወጣባቸዋለች፣ ትጮኻለች። የሴት ዶሮ ኦቫሪ፣ ማለትም አስኳሎቹ የሚያድጉበት አካል፣ ትንሽ የወንድ ሆርሞንም ያመነጫል። የጣይ ዶሮ ኩክኔ የሚቀላውም በዚሁ ነው። ስለዚህ ቀዮ ጤነኛ ነበረች። ሁለቱን አውራዎች በአንድ ቀን የሸጥኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ በጩኸት ፆታ አልለይም። ኩክኔም ያሳስታል፣ ከእግር ጀርባ የሚወጣው ሹልም ያሳስታል፤ ሹል ያላቸው ጣይ ዶሮዎች አሉ። ሦስት ወር ያለፈው ዶሮ ከሆነ የማየው ላባ ነው። ጅራቱ ከሚጀምርበት ከፍ ብሎ፣ ወገቡ ላይ ያለውን በጣቴ ገለጥ አደርገዋለሁ። የሴቷ ላባ ጫፉ እንደ ማንኪያ ክብ ነው። የወንዱ ቀጭንና ረጅም ነው፣ ጫፉ እንደ ጦር ይሾላል፣ ያብረቀርቃል፣ በወገቡ ግራና ቀኝ ይንጠለጠላል። አንገት ላይም እንዲሁ ነው። ላባን የማምነው ምክንያት ስላለው ነው። ክቡን ላባ የሚያወጣው የሴት ሆርሞን ነው፤ እሱ ከሌለ የሚበቅለው የወንዱ ዓይነት ነው።

ቀጥሎ ጣት። ከእንቁላል መውጫዋ ግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን አጥንቶች አሉ። ዶሮዋን ብብቴ ሥር አድርጌ በመሃላቸው ጣቶቼን አስገባለሁ። የምትጥል ከሆነች ሁለት ወይ ሦስት ጣት ይገባል፣ መውጫዋም ሰፊና እርጥብ ነው። የማትጥል ከሆነች አንድ ጣት እንኳን በግድ ነው፣ መውጫዋም ደረቅና ጠባብ። መጀመሪያ እጄ ይፈራ ነበር፤ አሁን ጨለማ ውስጥም እለካለሁ።

በዓመቱ ገብስማዋ መጮኽ ስትጀምር አልቸኮልኩም። ላባዋ ክብ ነው፣ አጥንቷ ሦስት ጣት ይሰጣል። ለማረጋገጥ ብቻዋን በሽቦ ቤት ዘጋሁባት። ቦታ ሲቀየር መጣል ሊቆም ስለሚችል አንድ ሳምንት ልጠብቅ ብዬ ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ጣለች። እንቁላሉን ወስጄ እማዬ መዳፍ ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ አንድ አውራ ገዛሁ። ወር ሳይሞላ ገብስማዋ ዝም አለች።

ስትገዙ መለየት ሌላ ጣጣ ነው። የ45 ቀን ጫጩት ላይ ኩክኔው ቀድሞ የቀላው፣ እግሩም ወፈር ያለው ብዙ ጊዜ ወንድ ነው፤ «ብዙ ጊዜ» ማለቴን ልብ በሉ። የአንድ ቀን ጫጩት ከሆነ ዝርያው ይወስናል። ቦቫንስ ብራውንና ሎማን ብራውን ላይ ሴቷ ቡኒ፣ ወንዱ ነጣ ያለ ቢጫ ሆነው ነው የሚፈለፈሉት። እነሱን አዳቅላችሁ የምታገኙት ጫጩት ላይ ግን ይህ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ደቡብ አፍሪካ ፖቼፍስትሩም ውስጥ የተገኘውና ወደ እኛ በደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በኩል የተሠራጨው ኮኮክ ደግሞ ሲፈለፈል ወንዱ አናቱ ላይ ሰፋ ያለ ነጭ ነጥብ አለው። ሲያድግም ወንዱ ፈካ፣ ሴቷ ጠቆር ትላለች። ምክንያቱም ላባው ላይ ነጭ መስመር የሚያወጣውን ዘር ወንዱ ከአባትም ከእናትም ሊወስድ ይችላል፤ ሴቷ ግን ከአባቷ ብቻ አንድ ነው የምትወስደው። ለአበሻ ጫጩት እንዲህ ያለ ምልክት የለም፤ መጠበቅ ነው። ሾጣጣ እንቁላል ወንድ፣ ክብ እንቁላል ሴት ይሆናል የሚባለውንም ተዉት። ፆታውን የሚወስነው የእናትየዋ ዘር ነው፤ እሱም ቅርፊቱ ከመሠራቱ በፊት አልቋል።

አሁን ያለችኝ ኮኪማ ግን ከሁለቱም ትለያለች። አምስት ዓመቷ ነው። መጀመሪያ መጣል አቆመች፤ እርጅና ነው ብዬ ተውኳት። ክረምት ላይ ላባዋን አራገፈች። አዲሱ ሲበቅል አንገቷ ላይ የወጣው ሹልና ወርቃማ ነበር። ኩክኔዋ አደገ፣ እግሯ ሹል አወጣ፣ መጮኽም ጀመረች። አጥንቷ አንድ ጣት ብቻ ነው የሚያስገባው። አውራ ዶሮ አጠገቧ እያለ ነው ይህ ሁሉ የሆነው። ሐኪሙ ሲያያት፣ የሴት ዶሮ የሚሠራው የግራ ኦቫሪዋ ብቻ መሆኑን ነገረኝ። እሱ በእባጭ ወይ በበሽታ ከተበላሸ የሴት ሆርሞኑ ይወርዳል፣ ተኝቶ የኖረው የቀኙ ያድግና የወንድ ዘር ፍሬ መምሰል ይጀምራል። ዘሯ ግን አይለወጥም፤ እያንዳንዱ የሰውነቷ ሕዋስ አሁንም የሴት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1474 ዛሬ ስዊዘርላንድ ውስጥ ባለችው ባዝል፣ እንቁላል ጣለ የተባለ አውራ ዶሮ ተፈርዶበት በእሳት ተቃጥሏል። ሳነበው ኮኪማዋን አሰብኩ። እንደ እሷ ያለች መልኳ የተለወጠ ዶሮ ትሆን ይሆናል፣ ማን ያውቃል።

ኮኪማዋን አላሳርዳትም። እማዬም ከቀዮ ወዲህ ስለ ገድ አንስታ አታውቅም፤ ጠዋት ጠዋት ጥሬ የምትበትንላት እሷው ናት። በዕድሜዋ ስትሞት ሆዷን ከፍቼ የግራውንና የቀኙን አያለሁ።