ቬክትሬክስ፦ የራሱ ስክሪን የነበረው የልጅነት ማሽናችን

ቬክትሬክስ የሚባለውን የቪዲዮ ጌም ማሽን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ እስከ ዛሬ ብዙም አላጋጠመኝም። በ1980ዎቹ በአሜሪካ ያደግን ልጆች ተገናኝተን የድሮ ጌም ሲነሣ ቶሎ የሚጠራው አታሪ ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ ኒንቴንዶ ይመጣል፤ እኔ ቬክትሬክስ ስል ግን ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ እንዳስረዳ እጠየቃለሁ። በቃል ማስረዳቱ ቀላል ስላልሆነ፣ ማሽኑ ምን እንደነበረ፣ ገበያው ለምን እንዳለፈውና በቤታችን ምን ቦታ እንደነበረው በአማርኛ በወጉ ጽፌ ማስቀመጥ ከፈለግሁ ቆይቻለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቬክትሬክስ ለገበያ የቀረበው በ1982 መገባደጃ ላይ ሲሆን ዋጋው 199 ዶላር ነበር። የነደፈው ጄይ ስሚዝ የሚባል ሰው የሚመራው የካሊፎርኒያ ድርጅት ነው፤ ይኸው ሰው በ1979 የወጣውን ማይክሮቪዥንን፣ ማለትም ካርትሪጅ (ጌም የያዘ፣ ማሽኑ ላይ የሚሰካ ትንሽ ሣጥን) እየተቀያየረለት የሚሠራውን የመጀመሪያውን የእጅ ጌም፣ የነደፈ ነው። ሽያጩን የያዘው ጄኔራል ኮንሲዩመር ኤሌክትሮኒክስ የተባለ ኩባንያ ነበር፤ በ1983 ደግሞ ታዋቂው የመጫወቻ አምራች ሚልተን ብራድሊ ኩባንያውን ገዝቶ ቬክትሬክስን አብሮ ወረሰ። ማሽኑ ሁሉን ነገር በአንድ ላይ የያዘ፣ ቁመቱ ከወርዱ የሚበልጥ ጥቁር ሣጥን ነው። ፊት ለፊቱ ባለ 9 ኢንች ስክሪን አለው፤ ከስክሪኑ ሥር ክዳን የሚመስለው ነገር ሲላቀቅ ማዘዣው ሆኖ ይወጣል፤ በማዘዣውም ላይ አንዲት ትንሽ ጆይስቲክና ከ1 እስከ 4 ቁጥር የተጻፈባቸው አራት ቁልፎች ተደርድረዋል። ከኋላው አናት ላይ መያዣ ስላለው ልጅ እንኳ በሁለት እጁ አንሥቶ ከክፍል ወደ ክፍል ሊወስደው ይችላል። ከቴሌቪዥን ጋር የሚያገናኝ ገመድ የለውም፤ አያስፈልገውምም።

ከሌሎቹ ሁሉ የለየው ይህ ስክሪን ነው። የዚያን ዘመን ቴሌቪዥን ሥዕል የሚሠራው የኤሌክትሮን ጨረሩ ከላይኛው ጠርዝ ጀምሮ፣ እንደሚታረስ ማሳ ትልም በትልም፣ መላውን መስተዋት እየሸፈነ ሲወርድ ነው፤ ምንም በሌለበት ጥቁር ቦታ እንኳ ጨረሩ ማለፉ አይቀርም። በቬክትሬክስ ግን ጨረሩ የሚሄደው ሥዕል ወዳለበት ብቻ ነው። መንኮራኩር መሳል ካለበት ከአንዱ ማዕዘን ተነሥቶ እስከ ሌላው ቀጥ ያለ መስመር ይስባል፤ ከዚያ ይጠፋና ቀጣዩ ነገር ወዳለበት ዘልሎ እንደገና ይበራል፤ ይህንንም በሰከንድ 50 ጊዜ ያህል ይደጋግማል። መስመሩ ወደየትም ቢያዘነብል ጠርዙ እንደ ደረጃ አይሸራረፍም። የተተኮሰች ጥይት ደግሞ ጨረሩ በአንዲት ነጥብ ላይ ስለሚያተኩር ከሌላው ሁሉ ደምቃ ትታያለች፤ ያንን ድምቀት በየትኛውም የዛሬ ስክሪን ላይ አይቼው አላውቅም። ዘዴው በ1979 እንደወጣው አስቴሮይድስ ባሉ ሳንቲም በሚጎርሱ የጌም ቤት ማሽኖች የታወቀ ነበር፤ ለቤት የተሸጠ ግን ከቬክትሬክስ በቀር የለም። ይህን ሁሉ የሚያዘው በ1.5 ሜጋኸርዝ የሚሠራ የሞቶሮላ ፕሮሰሰርና 1 ኪሎባይት ሜሞሪ ነበር፤ የዚህ ጽሑፍ አንድ ረዘም ያለ አንቀጽ እንኳ በ1 ኪሎባይት ውስጥ አይገባም።

እኛ ቤት የገባው በ1984 መኸር ላይ ነው። ቤተሰባችን በ1980 የወጣው የስደተኞች ሕግ በር ከከፈተላቸው ኢትዮጵያውያን አንዱ ነበር፤ ከካርቱም ተነሥተን በቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ውስጥ ሰፈርን። አባቴ ዋሽንግተን መሀል ከተማ ፓርኪንግ ይሠራ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ አንድ የመጫወቻ ሱቅ ዕቃ ሲያጣራ በርካሽ ያወጣውን ማሽን ከሁለት ካርትሪጅ ጋር ይዞ መጣ። ለምን ያንን እንደመረጠ ኋላ ሲነግረን፣ ካርቶኑን ቆሞ አንብቦ ቴሌቪዥን እንደማይፈልግ ሲረዳ ወዲያው ወደ ከፋዩ ሰልፍ ሄደ። በቤታችን የነበረው ቴሌቪዥን አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም የዜና ነበር።

ያ መኸር ደግሞ ምን ዓይነት መኸር እንደነበረ አንባቢ ያስታውሳል። በጥቅምት 1984 ከኮረም የተቀረጸው የረሃብ ምስል በቢቢሲ ከታየ በኋላ ኤንቢሲ ለአሜሪካ ሕዝብ አሳየው፤ ከዚያ ምሽት ጀምሮ የእኛ ሳሎን በሰው የሚሞላ፣ ግን ድምፅ የማይሰማበት ክፍል ሆነ። ቴሌቪዥን የሌላቸው፣ ወይም ያንን ለብቻቸው ማየት ያልቻሉ የአገር ሰዎች ከሥራ ሲወጡ እየመጡ ይቀመጣሉ፤ እናቴ ቡና ታፈላለች፤ አንዳንዱ ወሎ የቀሩ ዘመዶቹን ፊት ይፈልግ ይመስል ወደ ስክሪኑ ይጠጋል። እኔንና ታላቅ ወንድሜን እናታችን ቀስ ብላ ወደ መኝታ ክፍል ታስገባንና በሩን ገርበብ ታደርገዋለች። እዚያ ወለሉ ላይ ቬክትሬክስ አለ። በአታሪ ቢሆን ኖሮ ሳሎን ካለው ቴሌቪዥን ጋር መያያዝ ነበረበትና በእነዚያ ወራት ጌም የሚባል ነገር በቤታችን አይኖርም ነበር። ወላጆቻችን ያንን ሁሉ ሐዘን ለእኛ ሳያወርሱ እነርሱ እንዲያዝኑ ዕድል የሰጣቸው ይህ ሣጥን እንደነበረ የገባኝ እኔም ወላጅ ከሆንሁ በኋላ ነው።

ማሽኑ ያለ ካርትሪጅም ይሠራል፤ ማይን ስቶርም የተባለ ጌም አብሮት ተሠርቷል። ሲበራ አጭር ዜማ ያሰማና ስሙን ያሳያል፤ ከዚያ አንዲት መርከብ ከላይ መጥታ ስክሪኑን በነጥቦች ትዘራዋለች። እያንዳንዱ ነጥብ በየተራው ወደ ፈንጂነት ይለወጣል፤ አንዱ ዝም ብሎ ይንሳፈፋል፣ ሌላው እንደ ማግኔት ይከተላል፣ ሌላው ሲመታ እሳት ይተኩሳል። የእኛ መንኮራኩር በመካከል ናት፤ በ3 ቁጥር ትገፋለች፣ በ4 ቁጥር ትተኩሳለች። ካርትሪጆቻችን ስክራምብልና ስፓይክ ነበሩ። ስክራምብል ከጌም ቤቱ የመጣ ሲሆን፣ በመስመር ብቻ የተሣለ ተራራ ከሥር እያለፈ የነዳጅ ታንክ እየመቱ የሚበሩበት ነው፤ ወንድሜ በዚህ የሚወዳደረው አልነበረም። እኔ የምወድደው ስፓይክን ነው፤ ሞሊ የምትባለው ገጸ ባሕሪ ስትጠለፍ የእርዳታ ጩኸቷ በሰው ድምፅ ይሰማል፤ ይህንንም ያደረጉት ለንግግር የተለየ ቺፕ ሳይጨምሩ፣ ያንኑ የሙዚቃ ቺፕ ተጠቅመው ነው። ፕሮግራሙን የጻፉት ሰዎች ሙያ ዛሬም ይደንቀኛል።

ስክሪኑ ቀለም የለውም፤ መስመሩ ነጭ ነው። በእያንዳንዱ ጌም ካርቶን ውስጥ ግን በስክሪኑ ላይ የሚገጠም፣ ባለ ቀለም አሳላፊ ፕላስቲክ ይገኛል። የማይን ስቶርም ሰማያዊ ቅብ ነበረው፤ ሌሎቹ የየራሳቸው ቀለምና ጌጥ ነበራቸው። ብዙ ሰው ይህን ፕላስቲክ የድህነት ምልክት አድርጎ ይጽፋል፤ እኔ አልስማማም። መብራት አጥፍቶ በዚያ ቀለም ውስጥ ነጩ መስመር ሲንቀሳቀስ ያየ ሰው፣ ብርሃኑ ከመስተዋቱ ኋላ በጥልቀት ያለ እንደሚመስል ያውቃል። ደግሞም የሚሰማ ነገር ነበረው፤ ቬክትሬክስ ድምፁ ዝቅ ቢልም ስፒከሩ እንዝዝ ይላል፤ የእንዝዝታው ዓይነትም ጨረሩ በሚስለው ነገር ብዛት ይለዋወጣል። ሳሎን ያሉትን እንዳንረብሽ ድምፁን ጨርሰን ስንቀንሰው እንኳ፣ ስንት ፈንጂ እንደቀረ ዓይኔን ጨፍኜ ከእንዝዝታው ብቻ እገምት ነበር።

ከእነዚያ ምሽቶች በአንዱ፣ ዜናው እንዳለቀ አንድ በዕድሜ የገፉ እንግዳ በሩን ገፋ አድርገው ተመለከቱን። ክፍሉ ጨለማ ነው፤ ነጥቦቹ ገና ፈንጂ አልሆኑም።

«እናንተ ልጆች፣ ይህ የሰማይ ካርታ ነው?» አሉ።

«ጌም ነው አባባ፤ ይቀመጡና ይሞክሩት» አላቸው ወንድሜ።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ጆይስቲኳን በሁለት ጣታቸው ያዙ፤ መንኮራኩሯን ዝም ብለው ዙሪያዋን ያሽከረክሯት ነበር እንጂ አንድም አልተኮሱም። እናቴ ቡናው መድረሱን ልትነግራቸው ስትመጣ «ትንሽ ቆዩኝ» ብለው መለሷት። የሚሻገሩበት ቦታ ያገኙ ያህል ረዘም ላለ ጊዜ ከእኛ ጋር ቆዩ። በሚቀጥለው ሳምንት ሲመጡ መጀመሪያ ወደ እኛ ክፍል ገቡ።

የአንዳንዱ ማሽን ማይን ስቶርም 13ኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ እንደሚቆም፣ ኩባንያውም ደብዳቤ ለጻፉለት ሰዎች የታረመ ካርትሪጅ እንደላከ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። በእኛ ቤት እስከዚያ የደረሰ ሰው ስላልነበረ ጉዳዩ አላስጨነቀንም።

እኛ ስንጀምረው ቬክትሬክስ በንግድ ዓለም ሞቶ ነበር። በ1984 መጀመሪያ ምርቱ ቆሟል፤ ዋጋውም በየደረጃው ወርዶ ከ100 ዶላር በታች ገብቷል። ምክንያቱን በአንድ ነገር ብቻ ማሳበብ አይቻልም። ዋነኛው ጊዜው ነው፦ በ1983 የአሜሪካ የጌም ገበያ በብዙ ማሽንና ከዚያም በበዛ ደካማ ጌም ተጥለቅልቆ ወደቀ፤ አታሪ ብቻውን በዚያ ዓመት 536 ሚሊዮን ዶላር ከሰረ፤ ሱቆች መደርደሪያቸውን ለማጽዳት ያገኙትን ሁሉ በርካሽ አወጡ። ቬክትሬክስ በገበያ ላይ የቆየው ይህ ከመሆኑ ከጥቂት ወራት በፊት ጀምሮ ነበርና ስሙን የሚያስለምድበት ጊዜ አላገኘም። ሁለተኛው በዚያው በ1982 የወጣው ኮሌኮቪዥን ነው፤ በ175 ዶላር ባለ ቀለም ሥዕል ያቀርብ ነበር፤ ቴሌቪዥን ላለው ቤተሰብ፣ የራሱን ስክሪን ለያዘ ባለ ነጭ መስመር ማሽን የበለጠ የሚከፍልበት ምክንያት አልታየውም። የጌሞቹም ቁጥር ወደ 30 ገደማ ብቻ ነበር። በመጨረሻው ዘመኑ ባለሦስት አውታር (3ዲ) መነጽር ወጥቶለት ነበር፤ በውስጡ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ባለ ቀለም የሆነ ክብ ሳህን እየተሽከረከረ ለነጩ መስመር ጥልቀትና ቀለም ይሰጠዋል። ብልህ ሥራ ነው፤ ግን የሚገዛው ሰው ቀርቶ ነበር።

እንግዲህ የጌም ታሪክ ጸሐፊዎች ቬክትሬክስን ከከሸፉት ተርታ ሲያስቀምጡት ስለ ሽያጩ ትክክል ናቸው። ነገር ግን ለሽያጩ እንቅፋት የሆነው ሁሉ እኛን የጠቀመን ያው ነገር ነው፤ የራሱ ስክሪን ባይኖረው አባቴ አይገዛውም፣ ገበያው ባይጥለው ደግሞ ዋጋው ከኪሱ በላይ ይሆን ነበር። ለአንድ ማሽን የሚሰጠው ዋጋ ስንት እንደተሸጠ በመቁጠር ብቻ እንዲወሰን አልፈልግም።

በ1990ዎቹ የጄይ ስሚዝ ድርጅት የማሽኑንና የራሱን ጌሞች ፕሮግራም ለንግድ እስካልዋለ ድረስ ማንም እንዲገለብጠው ፈቅዷል። በዚያ ፈቃድ ምክንያት ሙያው ያላቸው ሰዎች እስካሁን አዳዲስ ጌም ይጽፉለታል፤ በኮምፒውተር ላይ የሚያስመስሉት ኢሙሌተሮችም በነጻ ይገኛሉ። እነርሱን ሞክሬያቸዋለሁ፤ ጌሙን ለማወቅ ይበቃሉ። መስመሩን ግን አይሰጡም፤ የዛሬ ስክሪን በፒክስል የተከፋፈለ ስለሆነ የተዘነበለ መስመር ሲስል የግድ ነጠብጣብ ይደረድራል፣ ያቺ የጥይት ድምቀትም አትመጣም። ያን መሳይ የስክሪን ቱቦ እንደ ድሮው በገፍ መመረቱ ስለቀረ፣ የቀሩት ማሽኖች ቱቦዎች ሲያልቁ ይህ ዓይነት ሥዕል ከዓለም ይጠፋል።

ስለዚህ በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ፣ በቤዝመንታችሁ ወይም በወላጆቻችሁ ስቶር ውስጥ ጥቁር፣ ረዘም ያለ፣ ከኋላው መያዣ ያለው ሣጥን ካገኛችሁ አትጣሉት። ለረጅም ዓመታት ተቀምጦ ከነበረ ዝም ብላችሁ ሶኬት ላይ አትሰኩት፤ በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ያረጃሉና መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው ይመልከተው። ራሳችሁም አትፍቱት፤ የስክሪን ቱቦ ከመብራት ተነቅሎም ቢሆን አደገኛ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ፕላስቲኮቹ እንዳይጫጫሩ በመካከላቸው ወረቀት አድርጉ። ካርትሪጆቹ ጠፍተው ከሆነ ግድ የለም፤ ማይን ስቶርም ከማሽኑ ጋር አለ።