ያልተሞላው ቅጽ

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ስብሰባ ማብቂያ ላይ ነው። አለቃዬ ላፕቶፑን እያጠፈ «የእርቁን ሥራ አንቺ ብትይዢው ምን ይመስልሻል?» አለኝ። ክፍሉ ውስጥ ነጭ ያልሆንኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ምክንያቱን አልጠየቅኩም፤ እሱም አልነገረኝም።

የምሠራው በምዕራብ ካናዳ፣ ፖሊስን በሚቆጣጠር የሲቪል መሥሪያ ቤት ነው። ስሙን ለዛሬ እንተወው። ሰው «ፖሊስ በደለኝ» ሲል አቤቱታውን እንቀበላለን፣ ምርመራው በአግባቡ መካሄዱን እናያለን፣ ውጤቱን በደብዳቤ እናሳውቃለን። «የእርቁ ሥራ» የተባለው ደግሞ ከአገሩ ቀደምት ሕዝቦች፣ ማለትም ከፈርስት ኔሽንስ፣ ከሜቲስና ከኢኑይት ጋር ያለንን የሻከረ ግንኙነት ማስተካከል ነው።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ካናዳ ስገባ ስለነዚህ ሰዎች የማውቀው ፊልም ላይ ያየሁትን ብቻ ነበር። የዜግነት መሐላ ስፈጽም ለንግሥቲቱ ታማኝ እንደምሆን ማልኩ እንጂ ስለነሱ መብት አንድም ቃል አልወጣኝም። ያ መሐላው ውስጥ የገባው በ2021 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። እንዲገባ የጠየቀው የካናዳ የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን ነበር፣ በ2015፤ የቀደምት ሕዝቦች ልጆች ከወላጆቻቸው ተነጥለው የገቡባቸውን አዳሪ ትምህርት ቤቶች ጉዳይ ያጣራው። ኮሚሽኑ 94 የተግባር ጥሪዎች አቅርቧል። የመጨረሻው፣ 94ኛው፣ ስለዚሁ መሐላ ነው። ስለ እኛ ስለ መጤዎቹ ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት አበላሸኋቸው። ክፋት ኖሮብኝ ሳይሆን ቀላል ቀላሉን ስላስቀደምኩ ነው። ስብሰባ ሲከፈት የሚነበብ የመሬት ዕውቅና ጽሑፍ አዘጋጀሁ፤ ያለነው ቀደምት ሕዝቦችና የእንግሊዝ ዘውድ በ1876 በተፈራረሙት በስድስተኛው ውል ምድር ላይ ነው የሚል። የአዳሪ ትምህርት ቤቶቹ ልጆች በሚታሰቡበት ቀን፣ ሴፕቴምበር 30፣ ሁላችንም ብርቱካናማ ቲሸርት ለበስን። የግዴታ ሥልጠና አስጀመርኩ። ፖስተር ለጠፍኩ። ከዚያ የአቤቱታ መዝገባችንን አገላብጬ ከሪዘርቮቹ፣ ማለትም ለፈርስት ኔሽንስ ከተከለሉት የመኖሪያ መሬቶች፣ የሚመጣው በጣም ጥቂት መሆኑን አየሁ። አለቃዬ ደስ አለው። «ችግሩ እንደሚወራው አይደለም ማለት ነው» አለ። እውነቱን ልናገርና እኔም ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር።

የዚያን ቁጥር ትርጉም የነገሩኝ ከፈርስት ኔሽንስ አንዱ ከሆነው ከክሪ ሕዝብ የሆኑ አንዲት እናት ናቸው። ሁሉም ሰው ኮኩም ይላቸዋል፤ በቋንቋቸው አያት ማለት ነው። እኔ በልቤ እማማ እላቸዋለሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ነድተን ሪዘርቫቸው ደረስን። የማኅበረሰቡ አዳራሽ ውስጥ ሻይና ባነክ የሚሉት ዳቦ ቀረበ። እኔ ቅጻችንን አደልኩና ማብራራት ጀመርኩ። እማማ ወረቀቱን አንስተው አዩት፣ መልሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ሞላሁት እንበል። ማን ያነበዋል?»

«መርማሪያችን።»

«እሱ ከዚህ በፊት ሥራው ምን ነበር?»

ጡረታ የወጣ ፖሊስ ነው። እሱኑ ነገርኳቸው። አዳራሹ ሳቀ። የክፋት ሳቅ አልነበረም፤ እኔን እንደ ማዘን ያለ ነበር። አንድ ጎልማሳ ከኋላ ሆኖ «እናንተ ፖሊሶች» እያለ ጥያቄ ጠየቀኝ። ፖሊስ አይደለንም አልኩት። «ደብዳቤያችሁ ግን የእነሱን ይመስላል» አለኝ። ስመለስ ደብዳቤውን አየሁት፤ እውነቱን ነው። ያው ዓርማ፣ ያው «ማስረጃ ባለመገኘቱ ፋይሉ ተዘግቷል»።

እኛ «ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» እንላለን። ሰዎቹ ዝም ያሉት በደል ስላልነበረ ሳይሆን ዳኛ ስላላዩ ነው።

ከዚያ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። ከመጀመሪያው ማንበብ ነበረብኝ። ዛሬ ፈረሰኛ ፖሊስ የሚባለው የካናዳ የፌዴራል ፖሊስ ኃይል የተቋቋመው በ1873 ነው። ከ1885 በኋላ ሰው ከሪዘርቭ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ሲጠየቅ መንገድ ላይ የሚያስቆመው እሱ ነበር። ከ150,000 በላይ ልጆች ወደ አዳሪ ትምህርት ቤቶቹ ሲገቡ፣ አልሰጥም ያለውን ወላጅ ደጅ የሚያንኳኳውም እሱ ነበር። የኃይሉ ኮሚሽነር በ2004 ለዚህ ይቅርታ ጠይቀዋል። ዩኒፎርም ሲታይ እዚያ ቤት ውስጥ ምን እንደሚታወስ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

በ1990 ሳስካቱን ከተማ ኒል ስቶንቻይልድ የሚባል የ17 ዓመት ልጅ ከከተማው ጠርዝ በብርድ ደርቆ ተገኘ። ጓደኛው፣ ኒል በዚያ ሌሊት ፖሊስ መኪና ውስጥ ሆኖ ሲጮህ አይቶት ነበር። ለፖሊስ ተናገረ። ፖሊስ ግን ፋይሉን በቀናት ውስጥ ዘጋው። ልጁ በዚያ ሌሊት በሁለት ፖሊሶች እጅ እንደነበረ በአጣሪ ጉባኤ የተረጋገጠው በ2004 ነው። 14 ዓመት! በወንጀል የተከሰሰ ግን አልነበረም፤ ሁለቱ ከሥራ ተባረሩ። እና እኔ ቅጽ አድዬ «ለምን አይሞሉም» እላለሁ።

ከሁሉም የከበደኝ ግን የመርዶው ነገር ነው። በ2016 ኮልተን ቡሺ የሚባል የ22 ዓመት የክሪ ወጣት አንድ እርሻ ላይ በጥይት ተገደለ። ፖሊሶች ለእናቱ ለመንገር ሲሄዱ ቤታቸውን ከበቡት፤ መሣሪያ ይዘው። እናት የልጃቸውን ሞት ሰምተው ሲወድቁ አንዱ ፖሊስ ጠጥተው እንደሆነ ጠየቀ፤ ትንፋሻቸውን አሸተተ። ለልጃቸው ያስቀመጡትን እራት እንኳ ማይክሮዌቭ ከፍቶ ያየ ነበር። የፈረሰኛ ፖሊሱን የሚቆጣጠረው የፌዴራል ኮሚሽን ይህ በዘር ላይ የተመሠረተ አድልዎ መሆኑን በ2021 በግልጽ ጽፏል።

እኛ መርዶ እንዴት እንደሚነገር እናውቃለን። ሽማግሌ ተመርጦ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገረው፤ ሰው ብቻውን እንዳይሰማ። ያንን ሪፖርት ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። አንድ ነገር ግን አስተማረኝ። ሪፖርቱ የተጻፈው እንደኛ ባለ መሥሪያ ቤት ነው። ሥራችን ከንቱ አይደለም ማለት ነው፤ በትክክል ከሠራነው።

ሥራውን እንደገና ከቅጹ ጀመርኩ። መጀመሪያ ወደ ክሪ ቋንቋ ላስተረጉመው አሰብኩ። እማማን ሳማክር ማስታወሻዬን በአማርኛ ስጽፍ አዩኝና ወረቀቱን ወሰዱት። «ይህ የእኛን ይመስላል» አሉ። የክሪ ፊደልም እንደኛው ተነባቢና አናባቢን ባንድ ቅርጽ ይይዛል። እኛ እግር እንቀጥላለን፣ እነሱ ፊደሉን ያዞሩታል። ግማሽ ሰዓት ስለ ፊደል ተጫወትን። ቅጹ ላይ ስንደርስ ግን «ቋንቋውን ቀይረሽ ጥያቄውን ያው ካደረግሽው ምን ይረባል?» አሉኝ። የባጅ ቁጥር፣ ትክክለኛ ሰዓት፣ የምስክሮች አድራሻ። ጥያቄዎቹ የሚመቹት ለመርማሪው ነው፤ ለተበዳይ አይደለም።

ስለዚህ ቅጹ ቀረ ማለት ይቻላል። አቤቱታ በቃል መቀበል ጀመርን። ሰውየው ይናገራል፣ እኛ እንጽፋለን፣ መልሰን እናነብለታለን። አጠገቡ የፈለገውን ሰው ያስቀምጣል። ከተማ መምጣት አይጠበቅበትም። ፋይል የሚዘጋ ከሆነ ከደብዳቤው በፊት ስልክ ይደወላል፤ ምክንያቱ በተራ ቋንቋ ይነገራል። የአንድ ዓመቱ የጊዜ ገደብ ባለፈ ጊዜም ሰውየው ለምን እንደዘገየ ሳንጠይቅ አንመልሰውም። ሕግ አልተለወጠም። ሕጉ የሚፈቅደውን ነገር ማንም አይጠቀምበትም ነበር፤ ያ ብቻ ነው።

ያላሰብኩት ጣጣ ከፋይናንስ መጣ። ከሽማግሌ ምክር ሲጠየቅ አስቀድሞ ትምባሆ ይሰጣል። ለማጨስ አይደለም፤ ጥያቄን በክብር ማቅረቢያ ነው። ፋይናንስ «በመንግሥት ገንዘብ ትምባሆ አይገዛም» አለ። ሁለት ወር ተጻጻፍን። እስከዚያ ከኪሴ ገዛሁ። ስሕተት ነበር፤ እኔ ከከፈልኩ ማን ደንቡን ይለውጣል? ከዚያ የጭሱ ነገር። ስብሰባ ከመጀመሩ በፊት ሴጅና ስዊትግራስ የሚባሉ መዓዛ ያላቸው ዕፅዋት አጭሰው ራሳቸውን ያጥናሉ። የሕንፃው አስተዳደር «የእሳት ማንቂያው ይጮሃል» አለ። እኔ ቤቴ ቡና ባፈላሁ ቁጥር እጣኑ ማንቂያውን ስለሚያስጮኸው ፎጣ የማራገብ ሠርተፊኬት ቢኖር ይገባኛል። በመጨረሻ አንድ ክፍል ላይ ማንቂያው ለአንድ ሰዓት እንዲጠፋ ተፈቀደ።

በጣም ያፈርኩት በክፍያው ነው። እማማ ቤንዚን በራሳቸው ሞልተው፣ ቀኑን ሙሉ አማክረውን ሄዱ። ቼኩ የደረሳቸው ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ እንደ ዕቃ አቅራቢ መመዝገብ ስለነበረባቸው። አንዲት አሮጊት እንደ ወረቀት ሻጭ ድርጅት ቅጽ ሞልተው! አሁን ክፍያው በዕለቱ በፖስታ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ሰው ስለ እርቅ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምለው ይህንን ነው፦ ፋይናንሱን አስተካክሉ፣ ከዚያ ንግግር ጻፉ።

አንድ ትልቅ ጥፋት አለብኝ። አቤቱታ አቅራቢዎችን የምታግዝ ከማኅበረሰቡ የመጣች ወጣት ሴት ቀጠርን። ጎበዝ ናት። እኔም ከሪዘርቮቹ ጋር የሚያያዝ ነገር በመጣ ቁጥር ወደ እሷ መራሁት። ሥልጠናው በእሷ፣ ስብሰባው በእሷ፣ መርማሪው ሲሳሳት የምታርመውም እሷ። በዓመቷ ለቀቀች። «ሁሉም ሰው አንድ ሥራ አለው፣ እኔ ግን የሁላችሁም ሥራ ሆንኩ» አለችኝ። አለቃዬ እኔ ላይ ያደረገውን እኔ እሷ ላይ ደገምኩት።

የመርማሪዎቹ ነገርም አልተፈታም። አብዛኞቹ አሁንም የቀድሞ ፖሊሶች ናቸው። ቅጣት የሚወስነው የፖሊስ አዛዡ ነው፣ እኛ አይደለንም። ስለጠፉና ስለተገደሉ የቀደምት ሕዝቦች ሴቶች ያጣራው ብሔራዊ ጉባኤ በ2019 ካወጣቸው 231 ጥሪዎች አንዱ፣ የቀደምት ሕዝቦች የራሳቸው የፖሊስ ተቆጣጣሪ ይኑራቸው ይላል። እኔ እስማማለሁ። በሥራ ቦታ ይህንን ስናገር ሰዎች ስልካቸውን ማየት ይጀምራሉ።

ባለፈው ዓመት ከሪዘርቮቹ የሚመጣው አቤቱታ ጨመረ። አለቃዬ ሪፖርቱን ይዞ መጣ። ፊቱ ተጨንቋል። «ይህን ሁሉ ሠርተን ነገሩ ባሰበት ማለት ነው?» አለኝ። ያቺን የመጀመሪያዋን ደስታችንን አስታወስኩት። ብዙ አልተናገረም፤ ግን ለቦርዱ ሲያቀርብ ግራፉን ራሱ አብራራው፣ ደህና አድርጎ።

እማማ የደወሉልኝ ከዚያ በኋላ ነው። «ነይ፣ ወረቀት ይዘሽ ነይ» አሉ። ሻይ አፈሉ። ለብዙ ዓመታት በሆዳቸው ይዘው የኖሩትን፣ በወንድማቸው ላይ የደረሰውን ነገሩኝ። ሦስት ሰዓት ፈጀ። መልሼ ሳነብላቸው ሁለት ቦታ አረሙኝ። ገደቡ ካለፈ ዘመን ሆኖታል። ጊዜው እንዲታለፍላቸው የጻፍኩት ጥያቄ እስካሁን መልስ አላገኘም። ሰኞ ሰኞ ጠዋት እደውልላቸዋለሁ፤ አዲስ ነገር ባይኖርም።