10¹⁹ እንዴት 1019 ሆነ

አራት ኪሎ ባለ አንድ የኅትመት ዝግጅት ቢሮ ለመሰናዶ ተማሪዎች የሚሆን የፊዚክስ አጋዥ መጽሐፍ ሌይአውት ላይ ነበር። የመጨረሻው ምዕራፍ የተፈጥሮን ኃይሎች ወደ አንድ ሕግ ለማምጣት የሚደረገውን ፍለጋና ስትሪንግ ቲዮሪን፣ ማለትም ቅንጣቶች ሁሉ የሚርገበገቡ እጅግ ትንንሽ ክሮች ናቸው የሚለውን ሐሳብ፣ የሚመለከት ነው። የፊዚክሱን እርማት የማየው እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ፕሩፍ (የእርማት ቅጂ) ሲወጣ እንዲህ የሚል አገኘሁበት፦

«የፕላንክ ኢነርጂ 1.22 × 1019 ጂጋ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። በሰርን ያለው ማፋጠኛ እስካሁን የደረሰው ግን 13,600 ጂጋ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ነው።»

ሰርን ጄኔቫ አጠገብ ያለው የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል ነው፤ የፕላንክ ኢነርጂ ደግሞ ስትሪንግ በቀጥታ ሊታይበት ይችላል ተብሎ የሚታሰበው የኢነርጂ ደረጃ ነው። 1.22 በ1019 ሲባዛ 1,243 ይመጣል። 13,600 ደግሞ የዚያን አሥር እጥፍ ያልፋል። በወጣበት መልኩ ለሚያነበው ሰው ሰርን የፕላንክን ኢነርጂ አልፎት ሄዷል፣ ስትሪንግ ቲዮሪም ድሮ ተፈትኖ አልቋል ማለት ነው። ደራሲው የላኩት 10¹⁹ ነበር፤ 1 ብሎ 19 ዜሮ። አርቢዋ፣ ከፍ ብላ የምትጻፈው 19፣ ወርዳ ከመሠረቷ ከ10 ጎን ተሰልፋለች።

ነገሩ ለሙያው ሰው አዲስ አይደለም። ጽሑፉ የመጣው በድሮው የአማርኛ መተየቢያ በፓወር ግእዝ ተተይቦ ነው። እኛ የምንጠቀምበት ወደ ዩኒኮድ (የዛሬው የጋራ የፊደል ኮድ) የሚቀይር ፕሮግራም ደግሞ ፊደሉን ይወስዳል እንጂ የፊደሉን አጣጣል አይወስድም። የደመቀው፣ የተጋደመው፣ ከፍ ብሎ የተጻፈው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ወርድ ላይ ከፍ ብላ የምትታየው አርቢ ራሷን የቻለች ፊደል አይደለችም፤ «ከፍ አድርገህ፣ አሳንሰህ አሳይ» የሚል ትእዛዝ የተሰጠባት ተራ ቁጥር ናት። ትእዛዙ ሲጠፋ 10¹⁹ ወደ 1019 ይለወጣል። የመቀነስ ምልክት ያለበት ይብሳል። 10⁻³⁵ ሜትር «10-35 ሜትር» ሆኖ ይወጣና አንባቢው «ከ10 እስከ 35 ሜትር» ብሎ ያነበዋል። ፊደል የሚያርም ፕሮግራም ይህን አይዝም፤ ለእሱ 1019 እንከን የሌለው ቁጥር ነው።

የወረዱትን ቁጥሮች ከምዕራፉ ለቃቅሜ ለዋና አዘጋጁ ወሰድኩላቸው። ጋሼ ዕድሜያቸውን በኅትመት ያሳለፉ ሰው ናቸው፤ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ያለቦታዋ ከገባች ሙሉ ገጽ ያስመልሳሉ። ወረቀቱን አገላበጡና፦

«ይሄ እኮ ፕሌት ሊወጣለት የደረሰ ሥራ ነው» አሉኝ። «ተማሪው ትልቅ ቁጥር መሆኑን ካወቀ አይበቃውም? ማን ቁጭ ብሎ ዜሮ ይቆጥራል?»

«ጋሼ፣ ትልቅ መሆኑንም አያውቅም። አሁን ባለበት ትንሽ ነው የሚለው።»

«እንግዲያው ቁጥሮቹን አውጣቸዋ! ‹እጅግ ከፍተኛ ኢነርጂ› በልና እለፈው። በዚህ የሚከሰን የለም።»

ያቺ «አውጣቸዋ» እስከ ዛሬ ትቆረቁረኛለች። የተሳሳተ ቁጥር ይታረማል። ቁጥሩ ጭራሽ ከወጣ ግን ምዕራፉ የሚለው ነገር የለውም። ስትሪንግ ቲዮሪ ይህን ያህል ዘመን ተሠርቶበት ለምን በሙከራ አልተረጋገጠም? መልሱ ያለው አርቢዎቹ ውስጥ ነው፤ በቅጽል አይተካም። «እጅግ ከፍተኛ» ሲባል ተማሪው ሰርን ትንሽ ገፋ ቢያደርግ የሚደርስ ይመስለዋል።

ስለዚህ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና አንድ በአንድ አየናቸው።

መጀመሪያ ርዝመቱን። ስትሪንግ የሚባለው ነገር መጠኑ ከፕላንክ ርዝመት ጋር ይቀራረባል ተብሎ ነው በብዛት የሚታሰበው፤ እሱም 1.6 × 10⁻³⁵ ሜትር ነው። ፕሮቶን በ10⁻¹⁵ ሜትር ዙሪያ ነው። በሁለቱ መካከል 20 ዜሮ አለ። የሰርን ማፋጠኛ ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር ሆኖ፣ የሚያሳየን እስከ 10⁻¹⁹ ሜትር አካባቢ ያለውን ነው። አሁን ባለው የማግኔት አቅም ኢነርጂውን ከፍ ለማድረግ ቀለበቱን በዚያው ልክ ማስፋት ያስፈልጋል። ከ13,600 ተነስቶ 1.22 × 10¹⁹ ላይ ለመድረስ 27ቱን ኪሎ ሜትር በ900 ትሪሊዮን ማባዛት ነው። የሚገኘው ቀለበት ዙሪያው ከ2,500 የብርሃን ዓመት ይበልጣል። ፕሩፋችን ላይ ግን ስትሪንግ «ከ10 እስከ 35 ሜትር» ሆኖ ተቀምጧል፤ ሜትር ዘርግቶ የሚለካ ነገር።

ጋሼ ዝም ብለው ሰሙኝ። ያነቃቸው ሁለተኛው ነው፣ የፕሮቶን ዕድሜ።

እ.ኤ.አ. በ1974 የፊዚክስ ሊቃውንቱ ጆርጂ እና ግላሾው ኤሌክትሮማግኔታዊውን፣ ደካማውንና ጠንካራውን ኃይል ባንድ ሲሜትሪ የሚጠቀልል ሐሳብ አቀረቡ። ኃይሎቹ አንድ ከሆኑ ኳርክ (ፕሮቶን የተሠራበት ቅንጣት) ወደ ሌፕቶን (የኤሌክትሮን ወገን ቅንጣት) ሊለወጥ ይችላል፤ ያ ከሆነ ደግሞ ፕሮቶን ዘላለማዊ አይደለም፣ አንድ ቀን ይፈርሳል። የዚህ መልካሙ ነገር ሊፈተን መቻሉ ነው። አንዱን ፕሮቶን ለዘመናት ከመጠበቅ ብዙ ፕሮቶን ሰብስቦ ለዓመታት መጠበቅ ይቻላል። ጃፓን ካሚዮካ ውስጥ ከተራራ ሥር 50,000 ቶን ንጹሕ ውኃ የያዘ ሱፐር ካሚዮካንዴ የሚባል ጋን አለ፤ ግድግዳውን ከ11,000 በላይ የብርሃን መቀበያዎች ሸፍነውታል። ፕሮቶን ሲፈርስ የምትወጣውን ብልጭታ ይጠብቃሉ። እስካሁን ፕሮቶን ሲፈርስ አልታየም። ከዚህ በመነሳት፣ ፕሮቶን ፖዚትሮንና ገለልተኛ ፓዮን ወደሚባሉ ሁለት ቀለል ያሉ ቅንጣቶች የሚፈርስ ከሆነ ዕድሜው ከ2.4 × 10³⁴ ዓመት ይበልጣል ተብሏል። ቀላሉ የጆርጂና የግላሾው ሞዴል የወደቀው በዚህ ዓይነት ፍለጋ ነው፤ እሱ የሚሰጠው ዕድሜ ከዚህ በብዙ ሺህ እጥፍ ያጠረ ነበርና።

ፕሩፉ ላይ ያለው «2.4 × 1034 ዓመት» ነው። ተባዝቶ 2,482 ዓመት።

«ፕሮቶን ባማካይ 2,482 ዓመት ብቻ ቢኖር ምን ይሆናል?» አሉኝ ጋሼ።

ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ሠራሁላቸው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ውስጥ ወደ 2.3 × 10²⁸ ፕሮቶን አለ። ለ2,482 ዓመት ሲካፈል፣ ከዚያ ወደ ሰከንድ ሲመነዘር፣ በየሰከንዱ ወደ 3 × 10¹⁷ ፕሮቶን ይፈርሳል። እያንዳንዱ የሚለቀው 1 ጂጋ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው። ድምሩ ከ40 ሜጋ ዋት ያልፋል፤ የቆቃ ኃይል ማመንጫ የተተከለለትን አቅም ያህል፣ ካንድ ሰው ገላ ውስጥ። እዚህ ተቀምጠን ማውራታችን ብቻውን 1034 ስሕተት መሆኑን ያስረዳል።

ከዚህ በኋላ ስለ ማውጣት አላነሱም። ይልቅ ሌላ ጥያቄ አመጡ፤ እውነቱን ለመናገር ከፊዚክስ ተማሪዎች ከምሰማቸው ብዙ ጥያቄዎች ይሻላል።

«እሺ፣ 2,500 የብርሃን ዓመት የሚዞር ቀለበት ማንም አይሠራም። ታዲያ የማይደረስበትን ነገር ለልጆች ለምን እናስተምራለን?»

የመለስኩላቸው ታሪኩን በቅደም ተከተል በመንገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የፊዚክስ ሊቁ ቬኔዚያኖ ያወጣው ቀመር ዓላማው ጠንካራው ኃይል፣ የአቶምን እምብርት አያይዞ የሚይዘው፣ ነበር፤ ስለ ስበት ማንም አላሰበም። ቀመሩ የሚርገበገብ ስትሪንግን እንደሚገልጽ ታወቀ። ከርግብግቢቶቹ አንዱ ግን ግዝፈት የሌለው፣ ስፒኑ (ውስጣዊ ሽክርክሪቱ) 2 የሆነ ቅንጣት ሆኖ ይወጣል። በጠንካራው ኃይል ውስጥ እንዲህ ያለ ቅንጣት ስለሌለ ለማስወገድ ብዙ ተደከመ፣ እምቢ አለ። በ1974 ሸርክ እና ሽዋርዝ ነገሩን ገለበጡት፤ ግዝፈት የሌለው ስፒን 2 ቅንጣት ግራቪቶን፣ ማለትም የስበት ተሸካሚ ቅንጣት ነው፣ ይህ ቲዮሪ የስበት ቲዮሪ ነው አሉ። ስበትን ከኳንተም ጋር በግድ ለማጋባት የሞከረ ሁሉ ማብቂያ የሌለው ቁጥር እየወጣበት ሲቸገር፣ እዚህ ስበት ሳይጠራ መጣ። በ1984 ግሪን እና ሽዋርዝ በ10 አቅጣጫዎች (ዳይሜንሽኖች) ውስጥ ቲዮሪውን ያፈርሱታል የተባሉት የሒሳብ ግጭቶች፣ ለተወሰኑ ሲሜትሪዎች፣ እርስ በርስ እንደሚጣፉ አሳዩ። በ1995 ዊተን አምስት ይባሉ የነበሩት የስትሪንግ ቲዮሪዎች ባለ 11 አቅጣጫ የሆነ የአንድ ነገር ገጽታዎች ናቸው ሲል አቀረበ።

እኔ ከሁሉ የማከብረው የ1996ቱን ሥራ ነው። ቤከንስታይን እና ሆኪንግ የጥቁር ጉድጓድ ኢንትሮፒ (የመዘበራረቅ መለኪያው) ከወሰን ገጹ ስፋት አንድ አራተኛ ነው፣ በፕላንክ አሃድ ሲለካ፣ ብለው ነበር። ኢንትሮፒው የምን ቆጠራ እንደሆነ ግን አይታወቅም ነበር። ስትሮሚንገር እና ቫፋ ለአንድ ዓይነት ልዩ ጥቁር ጉድጓድ የስትሪንግ ቲዮሪን ሁኔታዎች ቆጥረው ያንኑ አንድ አራተኛ አገኙ። ግማሽም አልሆነ፣ ሲሶም አልሆነ። የሚስተካከል ቁልፍ ሳይነካ በራሱ የመጣ ቁጥር ነው።

ይህ ሁሉ ግን የሒሳብ ፈተና ነው። ተፈጥሮ ገና አልመሰከረችም። ሱፐርሲሜትሪ፣ ማለትም እያንዳንዱ የቅንጣት ዓይነት አጣማጅ አለው የሚለው ሐሳብ፣ ይሰጣቸዋል ተብለው የተጠበቁት ቅንጣቶች በሰርን አልተገኙም። ከ10ሩ አቅጣጫዎች የማይታዩት ስድስቱ የሚታጠፉበት መንገድም አንድ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት 10⁵⁰⁰ ነው፣ እያንዳንዱም የራሱ ቅንጣቶችና የራሱ ቋሚ ቁጥሮች ያሉት ዓለም ይሰጣል። የእኛ የትኛው እንደሆነ የሚመርጥ ሕግ እስካሁን አልተገኘም።

«ሁለቱንም ጻፍልኝ» አሉ ጋሼ። «የደረሰበትንም ያልደረሰበትንም። ቁጥሮቹም ይመለሱ።»

እርማቱ እንዲህ ተሠራ። ሌይአውት የምትሠራው ልጅ ኢንዲዛይን በሚባለው የገጽ ማዘጋጃ ፕሮግራም ላይ «ከ10 ቀጥሎ ክፍተት ሳይኖር ሌላ አሃዝ ወይም ሰረዝ የመጣበት» የሚል ፍለጋ አዘጋጀች። ፍለጋው 100 እና 1000ንም ይይዛል፤ ስለዚህ «ሁሉንም ቀይር» የሚለውን መጫን አይቻልም፣ እያንዳንዱን ከደራሲው ኮፒ ጋር እያስተያዩ መወሰን ነው። ከፍ ያሉትን ቁጥሮች በዩኒኮድ ምልክት ለመተካት ስንሞክር የግእዝ ፎንታችን ¹ ² ³ን ይዞ የቀሩት የሉትም፤ 10³⁴ ሲጻፍ 4ቷ ሳጥን ሆና ትወጣለች። ሦስቱ ምልክቶች ዩኒኮድ ውስጥ የተቀመጡት ከሌሎቹ ተለይተው ስለሆነ ብዙ ፎንት ሠሪ እነሱን አስገብቶ ሌሎቹን ይተዋል። በመጨረሻ «አርቢ» የሚል ስታይል ፈጥራ ተራውን አሃዝ በእሱ ከፍ አደረገችው። ለሰረዙም ትክክለኛው የመቀነስ ምልክት ገባ፤ ተራው ሰረዝ መስመር መጨረሻ ላይ ሲደርስ 10ን ከ35 ለይቶ ወደ ታች ይጥለዋል። ከዚህ ሌላ እያንዳንዱ ትልቅ ቁጥር መጀመሪያ ሲመጣ በቃል እንዲደገም ተስማማን፦ «10¹⁹፣ ማለትም 1 ብሎ 19 ዜሮ»። ቅርጹ አንድ ቀን እንደገና ቢጠፋ ቃሉ ይቀራል።

መጽሐፉ ታተመ። ቆይቶ አንድ መምህር ከክፍላቸው የተነሳ ጥያቄ ይዘው ቢሮ ደወሉ። አንዲት ተማሪያቸው «የአቅጣጫዎቹ መታጠፊያ መንገዶች 10500 ከሆኑ፣ ኮምፒውተር ተራ በተራ ለምን አይፈትሻቸውም?» ብላለች።

መጽሐፉን ገለጥኩ። ጽሑፉ ውስጥ 10⁵⁰⁰ በትክክል ተቀምጧል። ከሥዕሉ ሥር ያለው መግለጫ ግን 10500 ይላል። መግለጫው ከሥዕሉ ጋር አብሮ ምስል ሆኖ የገባ፣ እርማቱ ሳይጀመር በሌላ ክፍል የተዘጋጀ ነው። ምስል ውስጥ ያለን ቁጥር ፍለጋው አያየውም፤ ሥዕሎቹ ደግሞ ለይዘት እርማት ተብለው አይላኩልንም ነበር።

ልጅቷ ባየችው ቁጥር ላይ ትክክል ናት። 10,500 ቢሆን ኖሮ የፊዚክስ ሊቃውንት ድሮ ሠርተው ይጨርሱት ነበር። ለመምህሩ በስልክ የነገርኳቸው ይህን ነው። በየሰከንዱ አንድ ቢሊዮን መንገድ የሚፈትሽ ኮምፒውተር ዩኒቨርስ ከተጀመረ አንስቶ፣ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ሙሉ ሳያቋርጥ ቢሠራ እስካሁን የሚያየው ከ10²⁷ ያንሳል። ከ500ው ዜሮ ውስጥ ሃያ ሰባቱን እንኳ አልሞላም። ለዚህ ነው ቆጥሮ መጨረስ የማይቻለው፤ ለዚህም ነው አንዳንዶቹ ሊቃውንት ቲዮሪው ምንም ሊተነብይ አይችልም ብለው የሚተዉት፣ ሌሎቹ ደግሞ መምረጫውን ሕግ የሚፈልጉት።

ለሁለተኛው ኅትመት ጋሼ ሥዕሎቹ በሙሉ በእኔ በኩል እንዲያልፉ አዘዙ። ሌይአውት ሠሪዋም መግለጫውን ከምስሉ አውጥታ በጽሑፍ አስገባችው፣ ከሥሩም ቁጥሩን ሳታሳጥር ጻፈችው፤ 1፣ ከዚያ በየመስመሩ 50 ዜሮ፣ 10 መስመር።